ዲሴቢሊቲ ከጸደቀ በኋላም ለምን ያስጠብቃል? አምስቱን ወርና ሁለቱን ዓመት የማለፊያ መንገድ

አሜሪካ ውስጥ እየሠራችሁ፣ እያደር የሚብስ ከባድ በሽታ ከያዛችሁ ወይም የያዘውን ሰው የምታስታምሙ ከሆነ ይሄ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ኤኤልኤስ (ጡንቻን እያደከመ የሚሄድ የነርቭ በሽታ)፣ ፓርኪንሰን፣ ኤምኤስ፣ የተሰራጨ ካንሰር፣ የኩላሊት መድከም፣ ገና በጎልማሳነት የሚመጣ የመርሳት በሽታ፣ ሁሉም የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። አንድ የጋራ ጣጣ ግን አለ። ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም ዲሴቢሊቲ የሚባለውን መሥራት ላልቻለ ሰው የሚሰጥ ክፍያ የሚወስነው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ «አዎ፣ ይሄ ሰው መሥራት አይችልም» ብሎ ካመነ በኋላም ያስጠብቃል።

ጥበቃው ሦስት ዓይነት ነው። ሰው ስለሚያደባልቃቸው ለያይቼ ላስቀምጣቸው። አንዱ ውሳኔው እስኪወጣ የሚወስደው ጊዜ ነው፤ እሱ እንደ ኬዙ ይለያያል። ሁለተኛው ገንዘቡ ከመጀመሩ በፊት የሚታለፉት አምስት ሙሉ ወራት ናቸው። ሦስተኛው ሜዲኬር (የፌዴራሉ የሕክምና ኢንሹራንስ) እስኪጀምር የሚጠበቀው 24 ወር ነው፤ ይሄኛው ደግሞ የሚቆጠረው ከአምስቱ ወር በኋላ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 29 ወር ይሆናል።

አምስት ወሩና 24 ወሩ በሕግ የተጻፉ ናቸው። መስኮት ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ አዝናላችሁ ልትቀንሰው አትችልም። ስለዚህ ቢሮ ሄዶ መለመንም መቆጣትም ትርፉ ድካም ነው። ፕሮግራሙ በ1956 ሲቋቋም ጥበቃው ስድስት ወር ነበር፤ በ1972 ወደ አምስት ወረደ። በዚያው ዓመት ነው ዲሴቢሊቲ ላይ ላሉ ሰዎች ሜዲኬር የተፈቀደው፣ ከነሁለት ዓመት ጥበቃው። ሐሳቡ ቶሎ የሚድን ሰው ገንዘብ እንዳይጀምር፣ ወጪውም እንዲቀንስ ነው። እግሩን ለተሰበረ ሰው ምናልባት ያስኬድ ይሆናል። ወር በወር እየባሰበት ለሚሄድ ሰው ግን ምንም ስሜት አይሰጥም፤ ይሄ የኔ አስተያየት ነው።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ። ቆጠራው የሚጀምረው ካመለከታችሁበት ቀን አይደለም፣ ኬዙ ከጸደቀበት ቀንም አይደለም። በሽታው መሥራት ካስተዋችሁ ቀን ነው። የቀረው ሥራ በሙሉ ያንን ቀን በትክክል ማስያዝና እስከዚያ ድረስ የሚያደርስ ስንቅ መፈለግ ነው።

1. የትኛው ፕሮግራም እንደሚመለከታችሁ እወቁ

ሁለት ናቸው፤ ስማቸውም ስለሚመሳሰል ሁሌ ይምታታል። ኤስኤስዲአይ ሠርታችሁ የሶሻል ሴኩሪቲ ታክስ ስለከፈላችሁ የምታገኙት ነው። ባንክ ውስጥ ስንት አላችሁ፣ ባለቤታችሁ ስንት ያገኛል አይልም። አምስት ወሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኤስኤስአይ ደግሞ ገቢና ንብረቱ ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ነው። እሱ አምስት ወር የሚባል ነገር የለውም፤ ካመለከታችሁበት ቀጥሎ ካለው ወር ጀምሮ ይታሰባል። በ2026 ለአንድ ሰው ከፌዴራል የሚከፈለው ቢበዛ በወር 994 ዶላር ነው። ንብረት ደግሞ ለአንድ ሰው ከ2,000፣ ለባልና ሚስት ከ3,000 ዶላር መብለጥ የለበትም። የምትኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም።

ለኤስኤስዲአይ የሥራ ክሬዲት ያስፈልጋል። በ2026 አንድ ክሬዲት ለማግኘት 1,890 ዶላር መሥራት አለባችሁ፤ በዓመት የሚገኘው ቢበዛ አራት ነው። አጠቃላይ ሕጉ 40 ክሬዲት፣ ከነሱ ውስጥ 20ው ባለፉት 10 ዓመታት የተገኘ ይላል። በዕድሜ ወጣት ለሆነ ሰው ያነሰ ይበቃል። ኢትዮጵያ የሠራችሁት አይቆጠርም፤ ሁለቱ አገሮች የሥራ ዘመን የሚደማመርበት ስምምነት የላቸውም። በዲቪ መጥቶ ሁለትና ሦስት ዓመት ሠርቶ የታመመ ጎልማሳ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ታክሲ፣ ኡበርና ሊፍት የምትነዱ ደግሞ ይሄን ልብ በሉ። ክሬዲት የሚቆጠረው ከጠቅላላ ገቢያችሁ ሳይሆን ወጪ ተቀንሶ ታክስ ላይ ካሳያችሁት የተጣራ ገቢ ነው። አካውንታንቱ ማይሉንም፣ ስልኩንም፣ እጥበቱንም ቀንሶ የተጣራውን 3,000 ዶላር ላይ ካወረደው፣ በዚያን ጊዜ ታክሱ ቀነሰ ተብሎ ደስ ይላል። በሶሻል ሴኩሪቲ ዓይን ግን ዓመቱን ሙሉ ስትነዱ የዋላችሁት አንድ ክሬዲት ብቻ ነው። ታክስ ያላስገባችሁበት ዓመት ካለም ፍጠኑ። የግል ሥራ ገቢ ዓመቱ ካለቀ 3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን ካለፈ በኋላ ቢገባ በአብዛኛው ክሬዲት አያስገኝም።

ዛሬ ማታ የምትሠሩት የመጀመሪያ ሥራ በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ አካውንት ከፍቶ የገቢ ታሪካችሁን ማየት ነው። የጎደለ ዓመት ካለ ደብሊው ቱውን (አሠሪው የሚሰጠውን የዓመት ገቢ ወረቀት) ፈልጉ። ሌላም ነገር አለ፤ ሥራ ካቆማችሁ በኋላ ሽፋኑ ለዘለዓለም አይቆይም። ብዙ ዓመት የሠራ ሰው እንኳ ካቆመ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ሽፋኑ ያበቃል። «ትንሽ ይሻለኝ ይሆናል» እያሉ ዓመታት የሚያሳልፉ ሰዎች ይሄን አያውቁም።

የኤስኤስአይ ነገር ለግሪን ካርድ ባለቤቶች ጠበቅ ይላል። በአብዛኛው ግሪን ካርድ ከያዛችሁ አምስት ዓመት ማለፍና 40 ክሬዲት መሙላት አለበት፤ ደግነቱ በትዳር የተሠራ የባል ወይም የሚስት ክሬዲትም ተደምሮ ሊያዝ ይችላል። ስደተኛ ሆነው የገቡና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች እስከ ሰባት ዓመት ያገኛሉ። ዜግነት የወሰደ ሰው እነዚህ ሁሉ አይመለከቱትም። ስለዚህ ለዜግነት ማመልከት የምትችሉ ከሆነ፣ ሕመሙ ሳይብስ ማመልከት ራሱ የዚህ ዝግጅት አካል ነው።

2. መነሻ ቀኑን አጥብቃችሁ ያዙ

እነሱ ኦንሴት ዴት የሚሉት ነው፤ መነሻ ቀን እንበለው። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። መነሻ ቀናችሁ ማርች 10፣ 2026 ተብሎ ተያዘ እንበል። ማርች ሙሉ ወር ስላልሆነ አይቆጠርም። ኤፕሪል፣ ሜይ፣ ጁን፣ ጁላይና ኦገስት አምስቱ ወራት ናቸው። ገንዘብ የሚታሰበው ከሴፕቴምበር ነው። የሴፕቴምበሩ ደግሞ የሚከፈለው ኦክቶበር ላይ ነው። ሜዲኬር ሴፕቴምበር 2028 ይጀምራል።

አሁን ደግሞ ቀኑ ማርች 1 ቢሆን? ማርች ራሱ ይቆጠራል፣ ገንዘቡ ከኦገስት ይታሰባል፣ ሜዲኬርም ኦገስት 2028 ይሆናል። የዘጠኝ ቀን ልዩነት የአንድ ወር ክፍያና የአንድ ወር ሕክምና ዋጋ አለው ማለት ነው። ፎርሙ ላይ ቀኑን በግምት የሚሞላ ሰው ይሄን ቢያውቅ ኖሮ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ያስብ ነበር።

በድንገት ለሚመጣ ሕመም ቀኑ ግልጽ ነው። ቀስ እያለ ለሚብስ በሽታ ግን አስቸጋሪ ነው። ብዙ ሰው የመጨረሻ የሥራ ቀኑን ይጽፍና ያልፋል። ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ሶሻል ሴኩሪቲ «ይሄ ሰው እየሠራ ነው» የሚለው የወር ገቢው ታክስ ሳይቀነስ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ነው፤ ዓይነ ስውር ላልሆነ ሰው በ2026 በወር 1,690 ዶላር ነው። በሽታው ሰዓት አስቀንሷችሁ ገቢያችሁ ከዚህ በታች ከወረደ፣ ሥራውን ጨርሳችሁ ከመተዋችሁ ከወራት በፊት መነሻ ቀን ሊያዝላችሁ ይችላል። ተቀምጣችሁ የተከፈላችሁ የሕመም ፈቃድና የዓመት ፈቃድም እንደ ሥራ አይቆጠርም። ካቆማችሁ በኋላ ሞክራችሁ፣ በሕመሙ ምክንያት ስድስት ወር ሳይሞላ የተዋችሁት ሥራም ቢሆን ቀኑን ላያበላሽ ይችላል፤ እንደከሸፈ ሙከራ ሊያዩት ይችላሉ፣ ግን እናንተ ካልነገራችኋቸው አያውቁም።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ያዙ። ሰዓት የተቀነሰበት ቀን፣ አለቃ ቀለል ያለ ሥራ የሰጠበት ቀን፣ መጀመሪያ የወደቃችሁበት፣ መጀመሪያ ሐኪም ጋ የሄዳችሁበት፣ መንዳት ያቆማችሁበት። እናት ወይም አባት ከሆኑ የታመሙት «ከጥምቀት በኋላ ነው እግሬ የከዳኝ» ይሏችኋል። ጥሩ ነው፣ ጥምቀት ጃንዩወሪ 19 ወይም 20 ነው፤ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይራችሁ ጻፉት። ከዚያ የደመወዝ ወረቀቶቹን አውጡና ቀኑ ከገቢው ጋር ይስማማ እንደሆነ አስተያዩ። የሐኪም ማስረጃ የማይደግፈው ቀን ስለማይያዝ ዝም ብሎ ወደ ኋላ መጎተትም አይሆንም።

በኤስኤስዲአይ ወደ ኋላ የሚከፈለው ቢበዛ ካመለከታችሁበት በፊት ላሉት 12 ወራት ነው። አምስቱን ወር ስትጨምሩበት፣ ሥራ ካቆማችሁ ከ17 ወር በላይ ዘግይታችሁ ካመለከታችሁ እያንዳንዱ የዘገየ ወር የጠፋ ገንዘብ ነው።

3. አምስት ወሩ እስኪያልፍ ሳትጠብቁ አመልክቱ

«መጀመሪያ አምስት ወር መጠበቅ አለብህ፣ ከዚያ ታመለክታለህ» የሚል ወሬ በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይዞራል። ውሸት ነው። ሕመሙ ቢያንስ 12 ወር ይቆያል ወይም ለሞት ያደርሳል ተብሎ ከታሰበ ሥራ ባቆማችሁ ማግስት ማመልከት ትችላላችሁ። ውሳኔው ራሱ ወራት ስለሚፈጅ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሂዱ።

ማመልከት የሚቻለው በድረ ገጻቸው፣ በስልክ 1-800-772-1213 ወይም ቢሮ ሄዶ ነው። አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባሉ፣ በአማርኛም። «አማሪክ ኢንተርፕሪተር» ብላችሁ ጠይቁ። የ14 ዓመት ልጃችሁን አታስተርጉሙ፤ ልጁ የአባቱን ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ለማያውቀው ሰው እንዲናገር አይገደድም፣ ቢናገርም አለዝቦ ነው። የደወላችሁበት ቀን፣ ፎርሙን በተሰጣችሁ ጊዜ ውስጥ ከጨረሳችሁ፣ እንደ ማመልከቻ ቀን ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ ሁሉ እስኪሟላ ብላችሁ አትዘግዩ። ደውሉ፣ የደወላችሁበትን ቀንና ያነጋገራችሁን ሰው ስም ጻፉ። ለኤስኤስዲአይም ለኤስኤስአይም ባንድ ላይ ማመልከት እንደምትፈልጉ ተናገሩ።

ለከባድ በሽታዎች ፈጣን መስመር አለ። ከ2008 ጀምሮ ኮምፓሽኔት አላዋንስ የሚባል ዝርዝር አላቸው፤ ዛሬ 300 ገደማ በሽታዎች አሉበት። ኤኤልኤስ፣ የቆሽት (ፓንክሪያስ) ካንሰር፣ ግሊዮብላስቶማ የሚባለው የአንጎል ካንሰር፣ በለጋ ዕድሜ የሚመጣ አልዛይመር፣ የአዋቂዎች ሀንቲንግተን ሁሉም ውስጥ ናቸው። ፓርኪንሰንና የተለመደው ኤምኤስ ግን በስማቸው የሉም፤ እነሱ በመደበኛው መንገድ ይታያሉ። ለዝርዝሩ የተለየ ማመልከቻ የለውም። የበሽታውን ስም ተመልክቶ ኬዙን የሚለየው ሲስተሙ ነው። ስለዚህ ፎርሙ ላይ «የነርቭ በሽታ» ወይም «ካንሰር» ብላችሁ አትለፉት። ሐኪሙ የጻፈውን ሙሉ ስም፣ ፊደል በፊደል፣ ደረጃው ከተጠቀሰም ከነደረጃው አስገቡ። በሽታው የመጨረሻ ደረጃ ላይ ከሆነ ወይም ሆስፒስ (የመጨረሻ ጊዜ እንክብካቤ) ከተጀመረ ያንንም በግልጽ ተናገሩ፤ ኬዙ ቴሪ የሚል ምልክት ተደርጎበት ወደፊት ይወጣል።

እዚህ ላይ ግን ሰው ይሳሳታል። ፈጣኑ መስመር የሚያሳጥረው ውሳኔውን ብቻ ነው። በሁለት ሳምንት ቢጸድቅላችሁም አምስቱ ወር እዚያው ነው። ከዚህ ነፃ የወጣው አንድ በሽታ ኤኤልኤስ ነው። በዲሴምበር 2020 በተፈረመ ሕግ፣ ከጁላይ 23፣ 2020 ወዲህ ለጸደቀ የኤኤልኤስ ኬዝ አምስት ወሩ ቀርቷል። ሜዲኬሩም ከ2001 ጀምሮ 24 ወር ሳይጠብቅ ከመጀመሪያው የክፍያ ወር ጋር አብሮ ይጀምራል። ሌሎቹ በሽታዎች ለምን አልተካተቱም ብላችሁ ብትጠይቁ ጥሩ መልስ የሚሰጣችሁ የለም። ጥበቃውን ለሌሎችም ለማንሳት ለኮንግረስ የቀረቡ ረቂቆች አሉ፣ እስካሁን አላለፉም።

በሽታ ሳይሆን ሁኔታ የሚያስነሳቸውም አሉ። ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ዲሴቢሊቲ ሲወስድ ቆይቶ ያቆመ ሰው እንደገና ቢገባ አምስት ወሩን አይደግምም። ከ22 ዓመቱ በፊት አካል ጉዳተኛ ሆኖ በእናት ወይም በአባት ክሬዲት የሚወስድ ልጅም አምስት ወር አይጠብቅም።

4. «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ»

ይሄኛው ነገር የኛ ሰው ኬዝ የሚበላሽበት ዋናው ቦታ ይመስለኛል። ሐኪሙ ገብቶ «እንዴት ነህ?» ይላል። ሰውዬው ሌሊቱን ሙሉ ሲቃትት አድሮ፣ ልጁ ካልሲ አልብሳው፣ በዊልቸር ተገፍቶ የመጣ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። ወይም «አልሐምዱሊላህ»። አስተርጓሚው በእንግሊዝኛ ደህና ነኝ ብሏል ይላል። ሐኪሙ ኮምፒውተሩ ላይ «ታካሚው ደህና እንደሆነ ይናገራል፣ አዲስ ቅሬታ የለውም» ብሎ ይጽፋል። ከሦስት ወር በኋላ ለሶሻል ሴኩሪቲ ኬዙን የሚመረምረው የስቴቱ መርማሪ ያንን መስመር ያነብባል። ሰውዬውን አያየውም፣ የሚያየው መስመሩን ነው።

ምስጋናውን አትተዉ። ከምስጋናው በኋላ ግን ዝርዝሩን ቀጥሉ። ሐኪም ጋ ከመግባታችሁ በፊት ሦስት ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ መሥራት ያቃታችሁ ምንድነው፣ ስንት ጊዜ ወደቃችሁ፣ መድኃኒቱ ምን አደረጋችሁ። ለነርሷ ስጧት፣ ፋይሉ ውስጥ ይግባ።

በፖስታ የሚመጣው የዕለት ተዕለት ኑሮ ፎርምም እንደዚሁ ነው። «ምግብ ታበስላለሽ?» ይላል። «አዎ» ብሎ መመለስ ለኛ ሰው ክብር ነው። እውነቱ ግን እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ ቡና ማፍላት ትወድ ነበር፣ አሁን መቁላትም መውቀጥም ስላቃታት የተፈጨ ትገዛለች፣ ጀበናውን ከእሳት የሚያወርድላት ልጇ ነው፣ ሲኒው ከእጇ ሁለት ጊዜ ወድቋል። ይሄን እንዳለ ጻፉት። በጥሩው ቀን ሳይሆን በአብዛኛው ቀን የሚሆነውን ጻፉ። ማጋነን አያስፈልግም፣ መደበቅም አያስፈልግም።

ከሐኪሙ ደብዳቤ ስትጠይቁ «ይህ ሰው ዲሴብልድ ነው» የሚል አንድ መስመር ብዙም አይጠቅምም፤ ያንን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። የሚጠቅመው ስንት ደቂቃ መቆም ይችላል፣ ስንት ኪሎ ማንሳት ይችላል፣ እጁ ይታዘዘዋል ወይ፣ በወር ስንት ቀን ከሥራ ይቀራል፣ ይሄስ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚለው ነው። የመጨረሻዋን ጥያቄ ሐኪሙ እንዲመልስ አደራ። መነሻ ቀኑ በሐኪም እጅ የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው። ኤስኤስኤ 827 የሚባለውን የሕክምና መረጃ መልቀቂያ ፎርም ፈርሙ፣ ግን እነሱ ከሆስፒታሉ ይወስዳሉ ብላችሁ አትተዉት። ሪኮርዱን ራሳችሁም አውጥታችሁ አስገቡ፤ የሚዘገየው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ስለ ጸበልም ልናገር። ለጸበል አገር ቤት መሄድ የግል ውሳኔ ነው፣ እኔ የምለው የለኝም። ሁለት ነገር ግን እወቁ። አንደኛ፣ ስድስት ወር ሐኪም ሳያይ የከረመ ሰው ፋይሉ ላይ ክፍተት ይታያል፣ መርማሪውም «ተሽሎት ነው» ሊል ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ተናገሩ፣ እዚያም ሐኪም ካያችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ተመለሱ። ሁለተኛ፣ ኤስኤስአይ ከአሜሪካ ውጭ 30 ተከታታይ ቀን ከቆያችሁ ይቋረጣል። ኤስኤስዲአይ ለዜጎች በዚህ አይቆምም። ሜዲኬር ግን አዲስ አበባ ላይ ለምትታከሙት አይከፍልም።

5. ለአምስቱ ወር ገንዘብ ከየት ይምጣ?

መጀመሪያ የመሥሪያ ቤታችሁን ሰው ኃይል ክፍል የአጭር ጊዜ ዲሴቢሊቲ ኢንሹራንስ እንዳላችሁ ጠይቁ። ብዙ ሰው ከደመወዙ በየወሩ ትንሽ ብር ሲቆረጥ ኖሮ ምን እንደሆነ አያውቅም። ሥራ ከመልቀቃችሁ በፊት ጠይቁ፤ ከለቀቃችሁ በኋላ መብቱ ሊጠፋ ይችላል። በስሜት ተነስታችሁ ሥራ አትልቀቁ።

ከዚያ የምትኖሩበትን ስቴት እዩ። ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ሮድ አይላንድና ሃዋይ የአጭር ጊዜ ዲሴቢሊቲ ክፍያ አላቸው። ዋሽንግተን ስቴት፣ ዲሲ፣ ማሳቹሴትስ፣ ኮኔቲከት፣ ኦሪገንና ኮሎራዶ ለራስ ሕመም የሚከፈል ፈቃድ አላቸው፣ ሚኒሶታም ከጃንዩወሪ 2026 ጀምራለች። የሲያትልና የሚኒያፖሊስ ሰዎች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። የሚታየው የሠራችሁበት ቦታ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖረ ዲሲ የሚሠራ ሰው የዲሲውን ይጠይቅ። ያስታመመው የቤተሰብ አባልም በነዚህ ፈቃድ ባላቸው ስቴቶች ለማስታመም ሊከፈለው ይችላል፤ ይሄን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

ኤስኤስአይ የሚመለከታችሁ ከሆነ ለአምስቱ ወር ድልድዩ እሱ ነው። ኤኤልኤስንና ሆስፒስ የገባ ሰውን ጨምሮ ለአንዳንድ ግልጽ ሁኔታዎች ደግሞ ውሳኔው ሳይወጣ እስከ ስድስት ወር በቅድሚያ ይከፍላሉ። በኋላ በሕክምና ምክንያት ውድቅ ቢሆንም ያንን መልሱ አይሏችሁም። ቢሮው በራሱ ላያነሳው ይችላል፣ እናንተ «ፕሪዘምፕቲቭ ዲሴቢሊቲ» ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ እቁብና ወደ ጎፈንድሚ። የኛ ሰው ለታመመ ሰው ደግ ነው፣ በሦስት ቀን 20,000 ዶላር ያዋጣል። ገንዘቡ በታማሚው ስም ባለው አካውንት ከገባና በወሩ የመጀመሪያ ቀን ከ2,000 ዶላር በላይ እዚያ ከተገኘ፣ የዚያ ወር ኤስኤስአይ ይቀራል፣ ከሱ ጋር የተያያዘው ሜዲኬይድም (ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጠው የሕክምና ሽፋን) ሊናጋ ይችላል። የእቁብ እጣም እንደዚሁ ነው። ኤስኤስዲአይ ብቻ የሚወስድ ሰው በዚህ አይነካም። ስለዚህ ገጹ ከመከፈቱ በፊት ማን በምን አካውንት እንደሚቀበል የሚያውቅ ሰው አማክሩ። ሕመሙ ከ46 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመረ ከሆነ ኤብል የሚባል አካውንት መክፈት ይቻላል፤ የዕድሜው ገደብ በጃንዩወሪ 2026 ነው ከ26 ወደ 46 ከፍ ያለው። እዚያ ውስጥ ያለ ገንዘብ እስከ 100,000 ዶላር ድረስ ለኤስኤስአይ አይቆጠርም። በየዓመቱ የሚገባው ግን ጣሪያ ስላለው ትልቅ መዋጮ ባንዴ አይይዝም።

6. ለ24 ወሩ የሕክምና ሽፋን

ሁለት በሽታዎች 24 ወሩን አይጠብቁም። ኤኤልኤስን ነግሬያችኋለሁ። ሌላው የመጨረሻ ደረጃ የኩላሊት መድከም ነው። ዳያሊሲስ ማዕከል የሚሄድ ሰው ሜዲኬሩ ብዙውን ጊዜ በአራተኛው ወር ይጀምራል፣ ቤት ውስጥ ለማድረግ ሥልጠና ከጀመረ ደግሞ ከመጀመሪያው ወር ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ ግን ለኩላሊት ታማሚም አምስት ወር ይጠብቃል።

ለቀሪው ሰው ዋናው ድልድይ ሜዲኬይድ ነው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ዲሲ፣ ሚኒሶታ፣ ዋሽንግተን፣ ኮሎራዶና ካሊፎርኒያ ሽፋኑን አስፍተዋል፤ ገቢያችሁ ዝቅ ካለ ዲሴቢሊቲው ሳይጸድቅም ልትገቡ ትችላላችሁ። ቴክሳስና ጆርጂያ አላሰፉም። ዳላስና አትላንታ ያላችሁ ሰዎች ኤስኤስአይ ካገኛችሁ ሜዲኬይዱ አብሮ ይመጣል፣ ካላገኛችሁ ግን በኦባማኬር ገበያ መግዛት ይቀራል። ሥራ ካጣችሁ በ60 ቀን ውስጥ መግዛት ትችላላችሁ።

ኮብራም አለ፣ ውድ ቢሆንም። የመሥሪያ ቤታችሁን ኢንሹራንስ ለ18 ወር ራሳችሁ እየከፈላችሁ ትቀጥላላችሁ። ዲሴቢሊቲያችሁ ከኮብራው በፊት ወይም በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ውስጥ እንደጀመረ ሶሻል ሴኩሪቲ ከወሰነ ወደ 29 ወር ይራዘማል። 29 ያልኩት በአጋጣሚ አይደለም፣ አምስትና 24 ሲደመር ነው። የማጽደቂያው ደብዳቤ በደረሳችሁ በ60 ቀን ውስጥ፣ ደግሞም 18 ወሩ ሳያልቅ፣ ኮፒውን ለኢንሹራንስ ፕላኑ አስተዳዳሪ ካልላካችሁ መብቱ ያልፋል። ለተጨማሪዎቹ 11 ወራት ዋጋው እስከ 150 በመቶ ሊወጣ ይችላል። መነሻ ቀኑ እዚህም ተመልሶ መጣ፣ አያችሁ?

ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች የገንዘብ እርዳታ ፖሊሲ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል። ቢሉ ሲመጣ ከመደንገጥ በፊት «ፋይናንሻል አሲስታንስ ፎርም ስጡኝ» በሉ።

ከኢሚግሬሽን ጋር የተያያዘ አንድ ከባድ ለውጥ አለ። ጁላይ 4፣ 2025 የተፈረመው ሕግ ሜዲኬርን ለዜጎች፣ ለግሪን ካርድ ባለቤቶችና ለጥቂት ሌሎች ወገኖች ብቻ ወስኖታል። ጥገኝነት ያገኛችሁ ወይም በስደተኝነት የገባችሁ፣ ግሪን ካርድ ገና ካልያዛችሁ፣ በዚህ ትነካላችሁ። በሜዲኬይድም ተመሳሳይ ገደብ ከኦክቶበር 2026 ይጀምራል። አንድ ዓመት ከሞላችሁ የግሪን ካርድ ማመልከቻውን ዛሬ ነገ አትበሉ።

7. ደብዳቤው ሲመጣ

ሰው የሚያየው የዶላሩን መጠን ነው። እናንተ መጀመሪያ መነሻ ቀኑን እዩ። ከጻፋችሁት ቀን ወዲህ ገፍተውት ከሆነ ወራት ወስደውባችኋል። ይግባኝ ማለት ይቻላል፣ ግን ይግባኙ የጸደቀውንም እንደገና ሊከፍተው ስለሚችል ጠበቃ ሳታማክሩ አትንኩት። የአንድ ወር ልዩነት ከሆነ እኔ ብሆን እተወዋለሁ፤ የስምንት ወር ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ውድቅ ከሆነ 60 ቀን አላችሁ። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ዙር ውድቅ ይሆናል፣ ስለዚህ አዲስ ማመልከቻ አትጀምሩ፣ ይግባኝ በሉ። አዲስ ማመልከቻ የድሮውን ቀን ሊያስጥላችሁ ይችላል። ጠበቃ ቀድሞ አይከፈለውም። ካሸነፋችሁ ከውዝፉ 25 በመቶ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ከወሰነው ጣሪያ ሳያልፍ ይወስዳል። «ቀድመህ 2,000 ዶላር ክፈል፣ ቢሮ ውስጥ ሰው አለኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አጭበርባሪ ነው።

ይግባኙ ሁለት ዓመት ፈጅቶ ከጸደቀ 24 ወሩ ሲቆጠር የነበረው ክፍያ መታሰብ ከጀመረበት ወር ስለሆነ፣ ሜዲኬሩ ወዲያው ሊጀምር ይችላል። ካርዱ በፖስታ ይመጣል። ፓርት ቢ (የሐኪም ቀጠሮን የሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል) በ2026 በወር 202.90 ዶላር ነው፣ ከቸኩ ይቆረጣል። ይሄ ከከበዳችሁ ሳትሰርዙት በፊት ስቴታችሁ እንዲከፍልላችሁ ጠይቁ፤ ለዝቅተኛ ገቢ እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም አለ። ዝም ብላችሁ ሰርዛችሁ በኋላ ስትመለሱ ቅጣት ሊኖረው ይችላል።

18 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ካሏችሁ በእናንተ ኤስኤስዲአይ እነሱም ክፍያ ሊያገኙ ይችላሉ። ፎርሙ ላይ ስማቸውን አስገቡ።

የመጨረሻው ነገር ለመስማት ይከብዳል፣ ለቤተሰብ ግን መታወቅ አለበት። ታማሚው በአምስቱ ወር ውስጥ ካረፈ የዲሴቢሊቲ ገንዘብ የለም። ከአምስቱ ወር በኋላ፣ ውሳኔው ሳይወጣ ካረፈ ግን የሚገባው የነበረው ውዝፍ ለባል ወይም ለሚስት፣ ለልጆች ወይም ለወላጆች ሊከፈል ይችላል። ኬዙን አትዝጉት። ኤስኤስኤ 1724 የሚባለውን ፎርም ሙሉ። 255 ዶላር የአንድ ጊዜ ክፍያ አለ፣ ትንሽ ናት፤ ትልቁ ለትናንሽ ልጆችና ለሚያሳድጋቸው ወላጅ በየወሩ የሚከፈለው የተራፊዎች ክፍያ ነው። እሱን ሐዘኑ ረገብ እስኪል ብላችሁ ወራት አታሳልፉ። ለነሱ ወደ ኋላ የሚታሰብላቸው ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ አንድ ዘመድ በሳምንቱ ውስጥ ደውሎ ቀጠሮ ይያዝላቸው።